ድሬዳዋ ለሥራ ስትመጡ ቤት የት ትከራዩ? ልጅ ለሌላችሁ

ድሬ ለሥራ ልትመጡ ነው እንበል። ባንክ ሊሆን ይችላል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና። ልጅ የላችሁም። ላጤ ናችሁ፣ ወይም ሁለት ብቻችሁን ናችሁ። ስለ ቤት የሚመክራችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ለትምህርት ቤት የሚቀርበው የቱ ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናንተን ይሄ አይመለከታችሁም፣ ስለዚህ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። ግን ድሬ ላይ ቤት በመልኩ አይመረጥም። በሙቀቱ፣ በውሃው፣ በምሽቱ፣ እና ስትታመሙ በራችሁን በሚያንኳኳው ሰው ነው የሚመረጥ። ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ማረፊያ ያዙ

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በፎቶ ቤት አትያዙ። ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቅድሚያ በቴሌብር ላኩልኝ» ቢል እንኳ አትላኩ። ፎቶ ላይ ሙቀት አይታይም። ውሃ መምጣቱም አለመምጣቱም አይታይም።

ከዚራ በሚባለው የመሀል ከተማ ሰፈር አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ወይም መለስተኛ ሆቴል ያዙና አንድ ሁለት ሳምንት ቆዩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ሥራ ትሄዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ ምሳ የት እንደሚበላ ታውቃላችሁ፣ ከሥራ ባልደረቦች ጋር ትግባባላችሁ። በድሬ ጥሩ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። «የእህቴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተለቋል» የሚላችሁ ባልደረባ ከአምስት ደላላ ይበልጣል።

የምትመጡበትን ወርም አስቡበት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከመጣችሁ አየሩ ደስ ይላል፣ ማታ ማታ ቀዝቀዝ ይላል፣ የገባችሁበት ቤት ሁሉ ይመቻችኋል። ቤቱ የሚፈተነው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ቶሎ አይበርድም። በብርድ ወቅት ቤት የምታዩ ሰዎች ከታች የምነግራችሁን የሙቀት ምርመራ በደንብ አድርጉት።

2. የሥራ ቦታችሁን ከደቻቱ አንጻር እዩት

ድሬን ለማወቅ መነሻው ደቻቱ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሆነው ይህ ወንዝ ከተማውን ለሁለት ይከፍላል። በአንድ በኩል ከዚራ አለ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ሳቢያን ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ የተስፋፋው ሰፈር ነው፣ ከዚያም ራቅ ብሎ መልካ ጀብዱ አለ።

ሥራችሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ነፃ የንግድ ቀጠናው ከሆነ በየቀኑ የምትሄዱት ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ሰርቪስ ካለው የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ሰርቪሱ የት የት ይቆማል? ስንት ሰዓት?» ይሁን። ከሰርቪሱ መቆሚያ በእግር አምስት ደቂቃ የሆነ ቤት ጠዋት ጠዋት ከብዙ ጣጣ ያወጣችኋል። ሰርቪስ ከሌለ ግን ማታ ስትመለሱ ባጃጅ በቀላሉ እንደሚገኝ ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ቀን ላይ የሞላ መስመር ማታ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል።

መሀል ከተማ የምትሠሩ ደግሞ ባጃጁን ጨርሶ ልትረሱት ትችላላችሁ። ከቤት ወደ ሥራ በጥላ ሥር በእግር መሄድ ድሬ ላይ ትልቅ ነገር ነው።

3. ሰፈር ምረጡ

ከዚራ። የድሬዳዋ ታሪክ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። ሐዲዱ ሐረር መውጣት አቅቶት በ1895 ዓ.ም. እዚህ ቆላው ላይ ሲደርስ ከተማው ተቆረቆረ፣ የምድር ባቡር ሰዎችም ከዚራን በቀጥታ መንገድ ከፋፍለው ዛፍ ተከሉበት። የዛሬው ተከራይ የሚጠቀመው በዚያ ዛፍ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከዚራ ውስጥ ስትራመዱና ዛፍ በሌለው መንገድ ስትራመዱ ልዩነቱን ቆዳችሁ ይነግራችኋል። የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳ ያላቸው፤ ለዚህ አየር ተብለው የተሠሩ ናቸው። ካፌው፣ ባንኩ፣ ፋርማሲው በእግር ይደረስባቸዋል። ችግሩ ቤቱ በቀላሉ አይገኝም። ሙሉ ቤት የሚያከራይ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው። ልጅ ለሌለው ሰው ግን ይሄ ችግር ላይሆን ይችላል። አንድ ሰፊ ክፍል፣ የራስ መታጠቢያና ጥሩ ዛፍ ያለበት ግቢ ካገኛችሁ ያዙት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለብቸኛ ሰራተኛ የመጀመሪያ ምርጫዬ ከዚራ ነው፣ ትንሽ ቢወደድም።

ሳቢያን። ሰፊ ነው፣ አዳዲስ ቤት ይበዛበታል፣ ኮንዶሚኒየምም ቪላም አለ። ጸጥታ ለሚፈልግ፣ መኪና ላለው፣ ወደ መልካ ጀብዱ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁና ለየራሳችሁ ክፍል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በተመጣጣኝ ኪራይ ሰፋ ያለ ቤት የምታገኙት እዚህ ነው። ግን አዲስ ሰፈር ስለሆነ ጥላው ያንሳል። ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ የሆነ ግቢ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ማታ ወጣ ብሎ የሚበላበትና የሚጫወትበት ቦታም እንደየመንደሩ ይለያያል፣ አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ ጨለማ ብቻ ነው።

መጋላና ቀፊራ በኩል። ሕይወት እዚህ አለ። ገበያው፣ ሱቁ፣ ቅመሙ፣ ጨርቁ፣ ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ አደሪኛው፣ አማርኛው፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ነው። ኪራዩ ረከስ ይላል፣ ብቻችሁን የሆናችሁ አይመስላችሁም። በሌላ በኩል ቤቶቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ ነፋስ የሚገባው በጠባብ ነው፣ ንጋት ላይ አዛኑ ከቅርብ ይሰማል፣ ገበያውም በጠዋት ይነቃል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ አይሆናችሁም። ሰው መሀል መኖር ለምትወዱ ግን ልብ የሚሞላ ሰፈር ነው።

ለገሀሬ፣ ገንደ ቆሬ፣ አዲስ ከተማና ሌሎቹንም ዞራችሁ እዩ። እዚህ በጥቅሉ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» አልልም፣ ከአንዱ ቅያስ ወደ ሌላው በጣም ይለያያሉና ከታች ባሉት መመዘኛዎች እያንዳንዱን ቤት ለብቻው መዝኑት።

4. ውሃው የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ጠይቁ

ይሄን በፍጹም አትለፉት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በእንቅልፉ ወሰደ። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው፤ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ከላይ የዘነበው ውሃ በደረቁ አሸዋ ላይ ድንገት ሊደርስ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም ወንዙ ዳር ያለ ቤት ብታዩ ሰፈሩ ውስጥ ያደጉ እናቶችን ወይም አባቶችን ጠይቁ። «ማዘር፣ በ98ቱ ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር?» በሉ። የሚያስታውሱ ሰዎች ግድግዳ ላይ በእጃቸው ያሳዩአችኋል፣ «እስከዚህ» ይሏችኋል። እጃቸው ያረፈበት ከአልጋችሁ ከፍታ በላይ ከሆነ ያንን ቤት ተዉት። ኪራዩ ግማሽ ቢሆንም ተዉት። ደቻቱ ብቻ ሳይሆን በከተማው የሚያልፉ ሌሎች ደረቅ ወንዞችና ቦዮችም በዚሁ ዓይን ይታዩ።

5. ቤቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዩት

ደላላ ቤት የሚያሳያችሁ ጠዋት ነው፣ አየሩ ገና ሳይግል። «አቦ፣ ይሄ ቤት ነፋሻ ነው» ይላል፣ እውነትም ይመስላል። እናንተ ግን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ እዩት። መተኛ ክፍሉ ውስጥ ግቡና መዳፋችሁን በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አድርጉ። እጃችሁን ቶሎ ማንሳት ካማራችሁ ያ ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ አልጋችሁ ሲመልስ ያድራል። ቀን ላይ ሥራ ቦታ ናችሁ፣ የቀን ሙቀቱ ብዙም አይጎዳችሁም። የሚጎዳችሁ የማታው ነው።

ከዚያ ወደ ላይ ቀና በሉ። ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ አለው? በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ? ከላይ ሲሚንቶ ከሆነና እናንተ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ፀሐዩን በሙሉ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ኮንዶሚኒየም ከያዛችሁ መካከለኛ ፎቅ ይሻላል። ከታች ትንኙና አቧራው አለ፣ ከላይ ሙቀቱና የውሃ ግፊት ማነሱ አለ።

መስኮት በሁለት በኩል መኖሩን እዩ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ከአንድ ትልቅ መስኮት ይበልጣሉ። ወንፊት ከሌላቸው አከራዩን «ወንፊት ያስገቡልኝ» በሉ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት።

ግቢ ውስጥ ዛፍ ካለ፣ ከዛፉ ሥርም አልጋ የሚያስዘረጋ ቦታ ካለ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሙቀቱ ወራት ብዙ የድሬ ሰው አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ አጎበር ዘርግቶ። ሴቶች ብቻችሁን ከሆናችሁ ይሄ የሚሆነው አጥሩ ጥሩ ከሆነና ግቢው ውስጥ የታመነ ቤተሰብ ካለ ነው።

ቬንትሌተር ያለ ጥያቄ ግዙ። ኤሲ ልታስገቡ ካሰባችሁ ግን ቆጣሪውን እዩ። የራሳችሁ ቆጣሪ ነው ወይስ ከአከራዩ ጋር የጋራ? የጋራ ከሆነ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። ግንቦት ላይ «ያንተ ኤሲ ነው የበላው» መባል ይመጣል። የራስ ቆጣሪ ያለውን ምረጡ፣ ከሌለም ሂሳቡ እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ይቀመጥ።

6. «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ

መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ስንት ሰዓት ላይ? ባለፈው ሳምንት መቼ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። አከራዩን ከጠየቃችሁ በኋላ ጎረቤቱን ጠይቁ። ውሃው ሥራ ላይ ባላችሁበት ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ማን ይቀዳላችኋል? ቤተሰብ ያለው ሰው ቤት የሚውል ሰው አያጣም፣ እናንተ ግን የላችሁም። ስለዚህ ለብቻው ለሚኖር ሰው በራሱ የሚሞላ ሮቶ ያለው ቤት ያስፈልገዋል። በርሜልና ጀሪካን ብቻ ያለበት ቤት ከሆነ ውሃ ቀድቶ የሚያስቀምጥላችሁ ሰው ግቢው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። ያ ቤት ውስጥ ያለውን የሻወር ጭንቅላት ቀና ብላችሁ እዩት፤ ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነው ከሆነ ቧንቧውም ውስጡ እንደዚያው ነው። ከፍታችሁ ጥንካሬውን እዩ። የውሃ ማፍያችሁም በሳምንታት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያበቅላል፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ ታጠቡታላችሁ። ለመጠጥ አብዛኛው ሰው የታሸገ ወይም የተጣራ ውሃ ይጠቀማል፣ ወጪውን ወርሃዊ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ከውሃው ጋር ትንኙ ይመጣል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ድሬዳዋ የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ገጥሟት ነበር፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባል መገጣጠሚያ የሚያሳምም ትኩሳት ገብቶ በየቤቱ ሰው አልጋ ላይ አስተኝቷል። በ2014 በበጋው፣ ወባ በማይጠበቅበት ወቅት፣ ወባ ተነሥቶ ነበር። ሦስቱም ከተጠራቀመ ውሃ ጋር ይያያዛሉ። ዴንጊና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች፣ ቀን ላይም ትናከሳለች፣ ስለዚህ ማታ አጎበር መዘርጋት ብቻውን አያድናችሁም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው አዲሷ የወባ ትንኝም በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት ትችላለች።

ስለዚህ ግቢው ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ ወደ በርሜሎቹ ይሂድ። ክዳን አላቸው? አንዱን ክፈቱና ውስጡን እዩ፤ ከውሃው ወለል ሥር እየተጥመለመሉ ወደ ታች የሚሸሹ ጥቃቅን ትሎች ካያችሁ የትንኝ እጭ ነው። የተጣለ ጎማ፣ ውሃ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ ካለ ለአከራዩ በትሕትና ተናገሩ። ለማስተካከል ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ቤት እዩ።

7. ምሽቱን ኑሩበት

ድሬ እኩለ ቀን ላይ ትተኛለች። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ከቤቱ ወይም ጫት ከሚቅምበት ከበርጫው አይወጣም። ከተማዋ የምትነቃው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ሥራ ስትወጡ የምታገኟት ድሬ ይቺ የምሽቷ ናት፣ ልጅ የማሳደር ሥራም ስለሌለባችሁ ሙሉ ምሽቱ የእናንተ ነው። ስለዚህ ሰፈሩን 12 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ በእግራችሁ ዙሩት። የመንገድ መብራት አለ? ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል? ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል? እራት የት ይገኛል? ለብቻው የሚኖር ሰው በየቀኑ አያበስልም። ጠዋት ፉል ወይም ፈጢራ፣ ማታ ቀለል ያለ እራት በእግር የሚገኝበት ቅያስ ኑሮውን ያቀለዋል።

ሴቶች፣ ከባጃጁ መውረጃ እስከ በሩ ድረስ ያለውን መንገድ በተለይ እዩት። ዋናውን መንገድ ማየት አይበቃም፣ የመጨረሻዋን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ማታ ላይ እለፉባት።

ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከድሬ በጣም ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ይለያል። ሙቀቱ ሲበረታባችሁ ቅዳሜ ወጥታችሁ ማደር ትችላላችሁ። ሐረር እየኖሩ ድሬ በየቀኑ መመላለስ ግን አልመክርም፣ ዳገቱና ጠመዝማዛው በየቀኑ ይደክማል።

8. ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ

«ለላጤ አናከራይም» የሚል ትሰማላችሁ። አትቀየሙ። አከራዮች የሚፈሩት ጫጫታ፣ ጠጪና ወጪ ገቢ ነው። የት እንደምትሠሩ ንገሯቸው፣ የሚያውቃችሁ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ባልና ሚስት ሆናችሁ ልጅ ከሌላችሁ ደግሞ ብዙ አከራይ ደስ ይለዋል፣ «ለመቼ ነው ታዲያ?» የሚል ጥያቄም አይቀርም። ፈገግ ብላችሁ «እግዜር ሲፈቅድ» ወይም «ኢንሻአላህ» ማለት ይበቃል።

እናንተም ጠይቁ። በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ማሳደር ይቻላል? መጸዳጃው የጋራ ነው? ልብስ አጣቢ ስትመጣ ውሃው ከየት ነው?

ሙሉ ቪላ ብቻችሁን ከመያዝ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት፣ ሰው ያለበት ግቢ ውስጥ ኑሩ። ልጅ ያለው ሰው በልጁ ትምህርት ቤት፣ በልጁ ጓደኞች በኩል ከሰፈሩ ጋር ይተዋወቃል። እናንተ ያ በር የላችሁም። ትኩሳት ይዟችሁ፣ መገጣጠሚያችሁ ሁሉ እየታመመ፣ ክፍላችሁን ዘግታችሁ ብትተኙ ማን ያውቃል? ሰው ያለበት ግቢ ውስጥ ግን ጠዋት ካልወጣችሁ «ምነው ዛሬ?» ብለው ያንኳኳሉ፣ ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ያደርሷችኋል። ስለዚህ ለቡና ስትጠሩ ግቡ። እድር ካለ ጠይቁና ተመዝገቡ።

9. ውሉን በወረቀት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፣ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ይዛችሁ ሂዱ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። «ስድስት ወር ካልከፈላችሁ» የሚል አከራይ ከገጠማችሁ አዋጁን በጨዋነት ጥቀሱለት። ቀድማችሁ መልቀቅ ብትፈልጉ የምትሰጡት ማስጠንቀቂያ፣ የውሃና የመብራት አከፋፈል፣ ወንፊቱና የሮቶው ክዳን የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ ሁሉም ይጻፍ። የደላላውንም ኮሚሽን ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

10. ስትገቡ

ዕቃ የምታስገቡት ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ለእናንተም ለጫኝና አውራጁም ከባድ ነው። ቁልፉን በተቀበላችሁበት ሰዓት የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ፎቶ አንሱና እዚያው ቆማችሁ ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩለት። ሮቶውን አሳጥቡና አስሞሉ። አጎበሩን ከአልጋው ጋር አብራችሁ ስቀሉ፣ «ነገ» አትበሉ።